ከፎጣ ስር የተገዛ ካሜራ

መቼም ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ጊዜ ሲያጥረው ነው። ጊዜ ያለው ሰው ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ዕቃ ያገላብጣል፣ «ኧረ ቀንሱልኝ» ይላል፣ ተቆጥቶ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ጊዜ የሌለው ሰው ግን ከፍሎ ይሮጣል። የአውሮፕላን ማረፊያ ሱቆች ለምን እሳት እንደሆኑ ገብቷችኋል? ደንበኞቻቸው በሙሉ አንድ ዓይናቸው ሰዓት ላይ ነዋ!

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ፣ ዱባይ ላይ አውሮፕላን እስኪቀይር ባገኛት ሁለት ሰዓት ካሜራ ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን ሌላ ወሬ የለም። «በሁለት ሰዓት!» ይላሉ፣ ልጁ ካሜራውን ገዝቶ ሳይሆን ማርኮ የመጣ ይመስል። እኔ ናይሮቢ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው። በአውሮፕላን የሚያስኬድ ኑሮ የለኝም። አገሬ የምገባው በአውቶቡስ ነው፤ የእኔ ዱባይ ሞያሌ ናት።

እንግዲህ ታናሽ እህቴ ሀና ያቤሎ ላይ ልትዳር ሆነ። ይህን እንደሰማሁ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስልክ ደውዬ ፎቶ አንሺውን እንድታሰናብተው ነገርኳት። የእህቴን ሰርግ ባዕድ አያነሳውም፣ እኔ አለሁ አልኳት። ካሜራ አለህ ወይ ብትለኝ ተቆጣሁ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ካሜራ ግን አልነበረኝም። እሷም ወንድሟን አምና ፎቶ አንሺውን ሸኘችው።

ከናይሮቢ ልገዛ አስቤ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሆነ፣ አንድ ቀን መንገዱ ተዘጋጋ፣ አንድ ቀን ሱቁ ተዘጋ፣ እንዲህ እያለ ራሴን አውቶቡስ ውስጥ ባዶ እጄን አገኘሁት። መንገዱን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስል ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ ዛህራ፣ ፔርሙዝና ጨርቅ ከአገር አገር እያመላለሱ የሚነግዱ ሴት ናቸው፣ በመጨረሻ አላስችል ብሏቸው «ልጄ፣ የሚበላህ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና፣ ለዚህ ነው እንዴ፣ ሞያሌ ስንደርስ ማንያታ ሰፈር ሐጂ ጋ ሂድ፣ እዚያ የማይገኝ ነገር የለም አሉኝ።

ኬንያ በኩል ካለችው ሞያሌ ስንደርስ ሹፌሩ የድንበሩ ወረቀት አንድ ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ፣ ልንነሳ ስንል ክላክስ እንደሚያደርግ፣ የቀረ ሰው እንደማይጠብቅ ነገረን። ድንበሩ አመሻሽ ላይ ይዘጋል፤ ሰርጉ ደግሞ በማግስቱ ነው። እኔ ከአውቶቡሱ የወረድኩት ንግግሩን ሳይጨርስ ነው።

ሐጂ የሚታወቁት በከብት ንግድ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጎዶማ በሚባል ቦታ ፍየልና ግመል አላቸው። ሱቁ የትርፍ ሰዓት ሥራቸው ነው። ፍራሽ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የበግ መድኃኒት ተደርድሮ፣ ከላይ፣ ከላስቲክ ጫማዎቹ አጠገብ፣ አንድ የካሜራ ካርቶን ቁጭ ብሏል። ያውም ትልቁ፣ ዜና የሚያነሱበት ዓይነት! ሁለት ከብት ነጋዴዎች ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ስንት ነው ሐጂ፣ ቶሎ ይበሉ፣ መኪናዬ ሊሄድ ነው አልኩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ሀራካ፣ መቻኮሉ ምን ያደርግልሃል? ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በል ልጄ፣ አረፍ በል» አሉና እጄን ያዙ። ከዚያ የትከሻቸውን ፎጣ አውርደው በሁለታችን እጅ ላይ ጣል አደረጉበት።

እንዴት ያለ ፍቅር ነው፣ አልኩ በልቤ። ናይሮቢ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ እጄን እንዲህ ሸፍኖ የያዘኝ ሰው የለም።

እናንተ ምናልባት ታውቁት ይሆናል። በዚያ አገር የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም። ገዢና ሻጭ በጨርቅ ስር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አንድ ጣት መያዝ አንድ ዋጋ ነው፣ ሁለት ጣት ሌላ ዋጋ፣ ሙሉ እጅ ደግሞ ሌላ። ጎረቤት አይሰማ፣ ምቀኛ አይገባበት፣ ማንም አያፍር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከእኛ ጩኸት ይሻላል። ችግሩ፣ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ሐጂ ጣቴን በቀስታ ነካ ነካ አደረጉ። በዚህ መሃል ከውጭ ጲ...ጵ! የሚል ክላክስ ተሰማ። ደንግጬ ጣታቸውን ጭብጥ አደረግኩ። ሐጂ ቅንድባቸውን አነሱ። ጲ...ጵ! ሁለተኛው ሲመጣ ሙሉ እጃቸውን ያዝኩ። ከብት ነጋዴዎቹ ሻያቸውን አስቀመጡ። ሦስተኛው ረጅም ነበር፤ እህቴ በቬሎ ሆና በር በሩን ስታይ ታየችኝ፣ የሐጂን እጅ እስከ አንጓው ድረስ ጨመቅኩት። «ማሻአላህ! ሳዋ!» ብለው መዳፌን ጧ አደረጉት።

ምኑ ነው ሳዋ፣ በምን ተስማማን? በዋጋው ነዋ! እኔ ምንም ዋጋ አልጠራሁም ብል፣ እጅህ ጠርቷል አሉኝ። አንደኛው ከብት ነጋዴ በታላቅ አክብሮት፣ በዕድሜው ብዙ ገዢ እንዳየ፣ ከራሱ ጋር ተጫርቶ ራሱን ያሸነፈ ገዢ ግን ገና ዛሬ ማየቱ እንደሆነ ነገረኝ። ሐጂም አልዋሹም። «እኔ ደህና ዋጋ ነግሬህ ነበር። አንተ እየጨመርክ ሄድክ። የሰውን ልግስና እንዴት እንቢ ልበል?» ልተወው? እጁን ሰጥቶ የሚመለስ ሰው በዚህ ገበያ አይታይም አሉ። ገበያው ቢቀርብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ክላክሱ አለ፣ ሀና አለች። ስንት ከፈልክ እንዳትሉኝ። ከፍዬ ሮጥኩ።

ለካስ ክላክሱ የአውቶቡሳችን አልነበረም። ኦቦ ከሚባል መንደር ፍየል ጭኖ የመጣ ጭነት መኪና ነው፤ መንገዱ መሃል አንድ ግመል ተኝቶበት ተነስ እያለው ነው። ግመሉ ሰምቶም አያውቅ። ሹፌራችን እግሩን በመስኮት አውጥቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። እትዬ ዛህራ ቲማቲም ይመርጣሉ። በዚያች ቀን ሞያሌ ውስጥ የተቻኮልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ካርቶኑን ከፈትኩ። ጥቁር፣ ከባድ፣ የሚያምር ካሜራ! ፊት ለፊቱ ግን ቀዳዳ ነው። አገላበጥኩት፣ ያው ቀዳዳ ነው። እትዬ ዛህራ አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩና «ዓይኑስ?» አሉ። ዓይን የለውም። ሌንስ የለውም! እህቴ ፎቶ አንሺ ያባረረችለት ወንድም ዕውር ካሜራ ገዝቷል።

ካሜራውን ቦታ መያዣ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ ዛህራን አደራ አልኳቸውና ተመልሼ በረርኩ።

ሐጂ እንደዘገየሁ ሁሉ «የት ቆየህ?» አሉኝ። ጮኽኩባቸው። እሳቸው ግን በትዕግሥት፣ በእነሱ ዘንድ ግመል ሲሸጥ ገመዱ አብሮ እንደማይሸጥ፣ ገመድ የፈለገ ሰው ለብቻው እንደሚነጋገር አስረዱኝ። ሌንሱ ከመደርደሪያው ስር ወጣ። ፎጣውም ከትከሻቸው ወረደ።

አሁን ግን ሌላ ሰው ነኝ። እጄን እንደ እንጨት አደረቅኩት። ሐጂ ሙሉ እጄን ያዙ፤ እኔ አንዲት ጣት ነካሁ። ጲ...ጵ! ውስጥ ውስጡን ሳቅኩ። ያ ግመል አሁንም አልተነሳም ማለት ነው! ጲ...ጵ! ሐጂ ራሳቸው ተጨንቀው «ጋሪህ፣ መኪናህ እንዳይሆን ልጄ» አሉኝ። ኧረ ይበሉ! እኔን በክላክስ? ንቅንቅ አላልኩም። ሐጂ ወረዱ፣ እኔ ከጣቴ ጫፍ በላይ አልሰጥም አልኩ። ሦስተኛው ክላክስ ከመርዘሙ የተነሳ ግድግዳው የነዘረ መሰለኝ፤ የእኔ እጅ ግን አልነዘረም። ከብት ነጋዴዎቹ ተነስተው ቆሙ። በመጨረሻ ሐጂ በረጅሙ ተንፍሰው መዳፌን መቱና፣ አሁን ነጋዴ ሆንክ አሉኝ። ያን ሌንስ በዚያ ዋጋ የገዛ ሰው ኬንያ ውስጥ የለም። ኢትዮጵያም ውስጥ የለም።

ሮጬ አልተመለስኩም። እየተንጎራደድኩ ነው የመጣሁት፣ ሌንሱን ብብቴ ስር አድርጌ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠሁ። ግመሉ ተነስቶ ሄዷል። ጭነት መኪናውም ሄዷል። አውቶቡሱም ሄዷል።

ካሜራው ወንበሬ ላይ ነበር።

ያቤሎ የደረስኩት በማግስቱ፣ ድንኳኑ ሲነቀል ነው። እትዬ ዛህራ አደራ በሊታ አይደሉም። እንዳይሰበር ብለው ካሜራውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ድንበር አለፉ፤ ፈታሾቹ ጋዜጠኛ መስለዋቸው ወንበር እንደሰጧቸው ሰምቻለሁ። እቤታችን ድረስ ወስደው ለአባቴ በእጁ አስረከቡት። አባቴም የልጄ ዕቃ ነው ብሎ እንዳጠለቀው ሰርጉ እስኪያልቅ አላወለቀውም።

የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ተቀብሎኝ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። እጄ በደመ ነፍስ ኪሴ ገባ።

ሀና ከሙሽራው ቤት ለመልስ ስትመጣ ዓይኗን ማየት አፈርኩ። አልተቆጣችኝም፤ ተቆጥታኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ ፎቶዎቹን በስልኳ አሳየችኝ። ያነሳው የአክስቴ ልጅ ነው፣ በዚያው በዱባዩ። ሀና ስትስቅ፣ ሀና ስታለቅስ፣ ሀና ኬክ ስትቆርስ፣ አንድም አልቀረም። በሁሉም ላይ አባቴ ከጎኗ ኮራ ብሎ ቆሟል፣ አንገቱ ላይ ያ ዓይን የሌለው ካሜራዬ ተንጠልጥሏል። «አየህ» አለችኝ፣ «ካሜራህን አንድም ፎቶ አላመለጠውም። ሰርጉ ያመለጠው አንተን ነው።»