የቡራዩው የገመድ ሊቅ

ሳይጠራ ደርሶ ያልተበላሸውን ጭምር የሚፈታ "ኢንጂነር" የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። የቡራዩው ክቡር ኢንጂነር ሀሰኖ ይባላሉ። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው ብጠይቃቸው "ሥራዬ!" አሉኝ።

ኢንጂነር ሀሰኖ በእጃቸው ያልዳሰሱትን አያምኑም። ዋይፋይን "ጉም" ይሉታል። ሱሉልታ ሠርግ ተጠርተው የድምፅ ማጉያ ገመድ "ሲያስተካክሉ" የአዳራሹ መብራት ጠፋና ሙሽሮቹ ኬኩን በስልክ መብራት ቆረጡ። ኢንጂነሩ "ድሮም ሊጠፋ ነበር" ብለው የኬክ ድርሻቸውን በሉ።

ሉብና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ስትከፍት፣ ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት የገዛቻቸውን ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ያያያዙላት እሳቸው ናቸው። ወፍራም ጥቁር ገመድ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እያለፈ ስድስቱን ያዳርሳል፤ አንድ ቦታ ከላላ ሁሉም ይደነቁራሉ። "ይሄ ዕድር ነው! አንዱ ከቀረ ሁሉም ይቀጣል" ይላሉ ኢንጂነሩ።

ባለፈው ዓርብ ጽሑፍ ላስተይብ ብገባ ሉብና ልታለቅስ ደርሳለች። የሙያ ብቃት ፈተና መዛኙ መጥቷል፣ ስድስቱም ተፈታኞች ተቀምጠዋል፤ ፈተናው የተጫነው አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ሌሎቹ ግን ሊያገኙት አልቻሉም። ቀጣዩ ፈተና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ኤዶም የምትባለው ልጅ ደግሞ ሰኞ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ገላን ካልደረሰች የመጋዘን ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"አካም ቡልታኒ!" ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉ ኢንጂነሩ ገቡ። ማንም አልደወለላቸውም። ጠረጴዛ ሥር ገብተው ገመዱን እየዳሰሱ ሄዱና አራተኛው ኮምፒውተር ጋ ሲደርሱ ጮኹ።

"የዲሽ ገመድ! የኔትወርክን ገመድ በዲሽ ገመድ የቀጠለው ደንቆሮ ማነው?"

"አንቱ ነዎት እኮ፣ ጋሽ ሀሰኖ" አለች ሉብና። "አምና አይጥ የበላው ጊዜ።"

ኢንጂነሩ ከጠረጴዛው ሥር ገመዱን ገልበጥ አድርገው አዩት።

"እሱማ... ጊዜያዊ ነበር።"

መገጣጠሚያው ላልቷል። ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ይሠራል፤ ሲለቁት ሁሉም ይጠፋል። መርካቶ ተሂዶ ሌላ እስኪመጣ ደግሞ መዛኙ አይጠብቅም።

"ጀምሩ" አሉ።

ስልሳውን ያለፉት ሰው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከኤዶም እግር አጠገብ ሲሚንቶ ላይ በጎናቸው ተጋድመው መገጣጠሚያውን በሁለት ጣታቸው ጨብጠው ቆዩ። አቧራው ሲያስነጥሳቸው አፋቸውን በክንዳቸው አፈኑ እንጂ እጃቸውን አላነቃነቁም። እኔም ያመጣሁትን ጽሑፍ ረስቼ እሳቸውን ሳይ ቆየሁ።

ኤዶም "ጨረስኩ!" ብላ ስትነሳ ጎንበስ አልኩ።

"ይልቀቁት ጋሽ ሀሰኖ፤ ጨርሳለች።"

"ሌሎቹስ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ቀና ብዬ አየሁ። ሁለት ልጆች ገና እየጻፉ ነበር። እኒህን ሰውዬ እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ጃኬቴን አውልቄ አጠፍኩና ከራሳቸው ሥር አደረግሁላቸው።