የስመኝ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት አምስት

ሰው ቁጥርን የሚያምነው ከነጥቡ በኋላ ባለው ርዝመት ይመስለኛል። «ሁለት ገደማ ነው» ብትሉት «ገደማ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ያፋጥጣችኋል። «አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት አምስት» ብትሉት ግን ዝም ይላል። ሦስት አኃዝ ደርድሮ የሚናገር ሰው እንዴት ይሳሳታል? እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአንድ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ወረቀት ከማባዛት ሌላ ማንም ያልሾመኝ አንድ ሥራ አለኝ፤ የተማሪ ጂፒኤ ማስላት። ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ተማሪው ከማስታወቂያ ሰሌዳው በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። ሬጅስትራር ወረቀቱን እስኪያወጣ ሳምንት ይፈጃል፤ እኔ ዘንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ተፈጥሮዬ ሆኖ አንዱን ሂሳብ ሁለቴ እሠራለሁ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ ለምን ተስማሙ ብዬ ሦስተኛ እሞክራለሁ። ይህን ጥንቃቄዬን ያየ ሁሉ ያምነኛል። ከእኔ በቀር።

ስመኝ ከቡሬ ገጠር መጥታ የመጀመሪያ ዓመቷን የጨረሰች ተማሪ ናት። በዓመቱ መጨረሻ አጠቃላይ ውጤቱ ከሁለት በታች የሆነ ተማሪ ይሰናበታል፤ ሕጉ ይህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ደወለችልኝ። ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ብሎ ስለነበር ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ ነው ያዳመጥኳት።

«የመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ነጥብ ሰባት አምስት፣ ሁለተኛው ሁለት ነጥብ ሁለት። አልፌያለሁ?»

ደመርኩ፣ ለሁለት አካፈልኩ። እንደ ልማዴ ደግሜ አካፈልኩ። «አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት አምስት» አልኳት። «እሺ» አለችና ዘጋችው። እኔም ከልቤ አዝኜ ወረቀቱን ከማሽኑ ማላቀቄን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሌላ ተማሪ የሁለት ሴሚስተር ግሬዱን ከነክሬዲት አወሩ ጽፎ አመጣልኝ። እያንዳንዱን ግሬድ በክሬዲት አወሩ አባዛሁ፣ ደመርኩ፣ ለጠቅላላው አወር አካፈልኩ። ከዚያ ለማረጋገጥ ብዬ የሁለቱን ሴሚስተር ጂፒኤ ደምሬ ለሁለት ባካፍል ሌላ ቁጥር ወጣ። እናንተ «ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር? ብዙ ትምህርት የተወሰደበትና ጥቂት የተወሰደበት ሴሚስተር እኩል አይመዝኑም» ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ማክሰኞም አውቅ ነበር። ስመኝን ግን «ስንት አወር ወሰድሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም።

ስልኳ ዝግ ነው። ሱቁን ዘግቼ ወደ ተከራየችበት ቤት ሮጥኩ። አብራት የምትኖረው የክፍል ጓደኛዋ ደጃፍ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«አባቷ ጋሽ አላምረው መጥተው ወሰዷት» አለችኝ። «ፍራሿን አሸክመው አሁን ነው ወደ መናኸሪያ የሄዱት። ወድቀሻል ያልካት አንተ አይደለህ?»

«ስንት ክሬዲት አወር ነበር የወሰዳችሁት?»

«ሰው ተባሮ አንተ አወር ትቆጥራለህ?»

«እባክሽ።»

«መጀመሪያ አሥራ ስድስት፣ ቀጥሎ ሃያ።»

ባጃጅ ውስጥ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። 1.75 በ16 ሲባዛ ሃያ ስምንት። 2.20 በ20 ሲባዛ አርባ አራት። ድምሩ ሰባ ሁለት። ሰባ ሁለትን ለሠላሳ ስድስት አካፈልኩ። ደገምኩት። ሁለት። ትርፍም ጉድለትም የሌለበት፣ ድፍን ሁለት። ብድግ ስል አናቴ ከጣሪያው ብረት ጋር ተጋጨ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ ፍጥነት ጨመረ፤ ወደ ሐኪም ቤት የምሄድ መስሎት ይሆናል።

የቡሬው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩን አስነሥቷል። የስመኝ ፍራሽ ጣሪያው ላይ ታስሯል። አባቷ ጋሽ አላምረው በሩ አጠገብ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል፤ እሷ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ከመስኮቱ ተጠግታለች።

«ጋሽ አላምረው፣ ይውረዱ እባክዎ። የስመኝን ውጤት ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።»

«ማክሰኞ ነው የተሳሳትከው ወይስ ዛሬ?» አሉኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እኔም በልቤ የጠየቅሁት እሱኑ ነው። «ማክሰኞ» አልኩ። «አንዱ ሴሚስተር አሥራ ስድስት፣ አንዱ ሃያ አወር ሆኖ ሳለ እኩል አድርጌ ቆጠርኳቸው። የተሻለ ያመጣችው ደግሞ በሃያው ነው።»

ዱላቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «አራት ቁና ቀይ ጤፍና አምስት ቁና ነጭ ጤፍ ብደባልቅ፣ አንተ ጆንያውን ሳታይ ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ ነው አልክ?»

አሥራ ስድስትና ሃያን አራትና አምስት ለማድረግ እኔ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር። «እንደዚያው ነው» አልኩ።

«ይኼንን ለማወቅ ነው ኮሌጅ የሚገባው?»

ረዳቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ውረጂ ልጄ» አሉ።

«ደግሞ ቢሳሳትስ፣ አባዬ?» አለች ስመኝ ከነጠላው ውስጥ።

«ቢሳሳት ከሰዓትም መኪና አለ። ፍራሹን እሱ ይሸከማል።»

ተሸከምኩ። ከመናኸሪያ እስከ ሬጅስትራር ቢሮ መንገዱን ሁሉ ሰባ ሁለትን ለሠላሳ ስድስት እያካፈልኩ ሄድኩ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሴት የስመኝን መታወቂያ ተቀብላ ኮምፒዩተሯን ነካካች።

«ሁለት ነጥብ ዜሮ ዜሮ» አለች። «መስከረም ላይ ትመዘገቢያለሽ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«ተሰናብተሻል ተብዬ ነበር» አለች ስመኝ።

«ማን ነው ያሰናበተሽ?»

ስመኝ ወደ እኔ አልዞረችም። ምሕረት ማለት ይህ ይመስለኛል። ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ቁጥሩን ራሷ ካላየሁ ብላ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለች፤ አየችው፤ ደግማ አየችው፤ ከዚያ የአባቷን ጉልበት ስማ እዚያው ቁጢጥ ብላ አለቀሰች።

ጋሽ አላምረው ደጅ ወጥተው ለባለቤታቸው ደወሉ። ፍራሹ ሥር ሆኜ የሰማሁት የእሳቸውን ወገን ብቻ ነው።

«አዎ፣ ብቻዬን ነው የምመጣው... ኧረ አላመማትም... እኮ ደህና ናት እልሻለሁ... ደህና ስለሆነች ነዋ የማትመጣው።»