ቁራ ያሠለጠናቸው ግልገሎች

ይህን ተረት የነገረችኝ ከአጥሬ ወዲያ የምትኖረው እትዬ ወደርየለሽ ናት። እሷ ደግሞ ከአክስቷ ሰማሁት ትላለች። አክስቷ ከማን እንደሰማች አልጠየቅንም፤ ሙት አይጠየቅም። እንግዲህ ተረት ልበላችሁና ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ጣታችሁን ግን ወደ ማንም ደጅ አትቀስሩ። እኔ የማወራው ስለ አውሬ ነው። ሰው ከመሰላችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ድሮ፣ አውሬ እንደ ሰው ሸንጎ በሚቀመጥበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ክረምት በወጣ ቁጥር የሩጫ ውድድር ነበረ። ትልልቆቹ ይሮጣሉ፤ ግልገሎቹ ከዳር ቆመው እየዘለሉ በርታ፣ በርቺ ይላሉ። ደስ ይል ነበር። ማንም አይከፍልበትም፣ ማንም አይሸለምበትም፤ ስለዚህ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

አንድ ዓመት ግልገሎቹ ሲጨፍሩ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ወጣ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላው ወጣ። ተመልካቹ ሁሉ ሯጮቹን ትቶ ወደነሱ ዞረ። ይህን እመት ሰጎን አየች። አንገቷ ረጅም ነው፤ ጥቅም የሚባል ነገር ከሩቅ ይታያታል። በዓመቱ ሩጫውን አስቀርታ የድጋፍ ጭፈራ ውድድር አወጀች።

«ሩጫ ከሌለ ማንን ነው የሚደግፉት?» አለች ጦጣ ከዛፏ ላይ ሆና።

«አንቺ ደግሞ ሥልጣኔ አይገባሽ» አሏት።

ጦጣ እንዲህ ናት። አፏ አያርፍም፣ እጇም አያርፍም። የሰው በቆሎ ስትሰርቅ ያላያት የለም። ግን ምን ይደረግ፣ ከሌባ አፍም አንዳንዴ እውነት ያመልጣል።

ውድድሩ የሰጎን ነው። ሜዳው የሰጎን ነው። ዳኞቹም የሰጎን የእህት ልጆች ናቸው። የላባ ቀሚስ ያልለበሰ ግልገል ሜዳ አይገባም፤ ላባው ከማን ጅራት እንደሚነቀል ንገሪን አትበሉኝ። የገዛ ልጇን ለማየት የመጣች እናት ለመቀመጫዋ ትከፍላለች፤ ወደ ፊት በቀረበች ቁጥር ይወደዳል። በጫካው ገንዘብ ስላልነበረ ሁሉም ያለውን ይሰጣል። የከርከሮ ሚስት ለክረምት የቆፈረችውን ሥር ሰጠች፤ ጥንቸል ከጉድጓዷ ግማሹን ሰጠች። አምና የተለበሰ ቀሚስ ዘንድሮ አይለበስም። አንዲት እናት ለምን ብትል፣ ሰጎን ከላይ ወደ ታች አየቻትና «የልጅሽ ቁመት እንዳምናው ነው እንዴ የኔ እመቤት?» አለቻት። እናትየው አሰበች፣ አሰበች፣ እውነቷን ነው አለች። የገዛችው ግን ልጇ ስላደገች አይደለም፤ የከርከሮ ሚስት ስለገዛች ነው።

ቀጥሎ አሰልጣኝ ያስፈልጋል ተባለና ወላጆች ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ጋሽ ኤሊ ነው። የእድሩም ዳኛ እሱ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሌላው ሁሉ ሲሮጥ ለመቀመጥ ጊዜ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ጦጣ ከዛፏ ወረደች። «እኔ ላሠልጥን። ዛፍ ላይ ተወለድኩ፣ ዛፍ ላይ ወለድኩ። ይኸው ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ እዩ፤ ከሾላ ወድቄ ነው። መጀመሪያ የማስተምራቸው አወዳደቅ ነው። መውደቅ ያልቻለ መውጣት የለበትም።»

እናቶች ተያዩ። የከርከሮ ሚስት አፏን ያዘች። «ልጆቻችንን መውደቅ ልታስተምርልን ነው። እሰይ። እሱንማ እቤታቸውም በነፃ ያውቁታል።» ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

ያን ጊዜ ቁራ ተነሣ። አንገቱ ላይ ቁራጭ ቆዳ አንጠልጥሏል። ቆዳውን የሰጠችው ሰጎን ናት፣ ለአሰልጣኞች ብላ ትምህርት ባዘጋጀች ጊዜ። ትምህርቱ አንድ ረፋድ ነበር፤ መሐል ላይ ዝናብ መጥቶ ተበተነ። ቆዳው ግን ለሁሉም ደረሰ።

«እኔ» አለ ቁራ፣ «በሕይወቴ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም።»

ጭብጨባው የዋርካውን ቅጠል አራገፈው። ክንፍ ያለው ከየት ይወድቃል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቁራ ተመረጠ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አሰልጣኝ ብሎ ላልጠራው መልስ አይሰጥም።

በጫካው ዳር አንዲት ሚዳቋ ትኖር ነበር። ባሏን ነብር በልቶባታል። የቀራት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ከእናቷ የወረሰችው ጥሻ ነው፣ እሾሁ ነብር የማያስገባ። ሁለተኛው አንዲት ልጇ ናት፣ ትርንጎ። ሚዳቋ ዓይነ አፋር ናት፤ ሸንጎ ስትሄድ ከኋላ ትቆማለች፣ እንዴት አደርሽ የሚላትም የለም። ትርንጎ ግን እንደ ገለባ ቀላል ነበረች። ቁራ ባያት ጊዜ «ይቺ ጫፍ ላይ ትወጣለች» አለ።

በማግስቱ የከርከሮ ሚስት፣ ያቺ ሚዳቋን አይታ የምታውቅ የማትመስለው፣ ከሩቅ ተጣርታ «የትርንጎ እናት፣ እንዴት አደርሽ» አለቻት። ሰጎንም ከፊተኛው ረድፍ ቦታ ያዘችላት። ያን ዕለት ሚዳቋ ሣር መጋጥ ረሳች። ክብር ያጠግባል ለካ።

የጫፍ ልጅ ቀሚስ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። ላባው ድርብ ነው። ሚዳቋ በምን ትክፈለው?

«ጥሻው አለሽ አይደል?» አለቻት ሰጎን ለስለስ ብላ። «እኔ እንደሆነ እንቁላል የምጥልበት አጥቻለሁ።»

«ትርንጎን የምደብቅበት እኮ ነው።»

«ምን ልታደርጊ ትደብቂያታለሽ? ልጅሽ ጫፍ ላይ ከወጣች፣ ነብር ራሱ አጨብጭቦላት ነው የሚያልፈው።»

ሚዳቋ ጥሻውን ሰጠች።

ልምምዱ ተጀመረ። ከታች ቋጥኝ የሚባለው የከርከሮ ልጅና ወንድሞቹ ቆሙ፣ በነሱ ላይ የድኩላ ልጆች፣ ከሁሉ በላይ ትርንጎ። ቁራ ከላይ እየዞረ «ፈገግ በሉ፣ ፈገግ» ይላል። ትምህርቱ ይኸው ነው። እግር የት እንደሚረገጥ አይናገርም፤ እሱ እግር የሚያስፈልገው ለማረፍ ብቻ ነው።

«እማ» አለች ትርንጎ አንድ ቀን፣ «እዚያ ላይ ስሆን ቋጥኝ ከታች ይንቀጠቀጣል።»

«ወደ ታች አትይ።»

«አላይም። በእግሬ ነው የሚሰማኝ።»

«እንግዲያው አይሰማሽ» አለቻት እናቷ። ይህን ብላ የጋጠችው ሣር መረራት።

በነጋታው ድፍረቷን ሰብስባ ቁራ ዘንድ ሄደች። «አሰልጣኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የልጅቷ የፊት እግር ትንሽ አበጥ ብሏል። እስኪሻላት ብታርፍ ብዬ ነው።»

«ያመመው ሁሉ ቢተኛ ጫካው አልጋ በሆነ ነበር» አለ ቁራ ላባውን እያበጠረ። «ካቃታት ይንገሩኝ። የጥንቸል ልጅ ተራ ይዛ ቆማለች።»

«ጥሻዬስ?»

«እሱ የእመት ሰጎን ጉዳይ ነው። የተሰጠ አይመለስም ሲባል ግን ሰምቻለሁ።»

«አይ፣ ትችላለች» ብላ ተመለሰች።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ቁራ ጠዋት ከጎረቤት ጫካ ወሬ ይዞ መጣ። የዚያ ጫካ ግልገሎች የጫፏን ልጅ ወደ ሰማይ ወርውረው ይቀልቧታል አሉ። «እኛም እንወረውራለን» አለ።

«መቼ ተለማመድነውና አሰልጣኝ?» አለ ቋጥኝ።

«ድንጋይ ወርውረህ አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ቀልቤ ግን አላውቅም።»

«በል ፈገግ በል» አለው ቁራ።

ጦጣ ከዛፏ ላይ ሆና ይህን ሰማች። ሄዳ አንድ ሸክም ሣር ነጭታ አመጣችና ግልገሎቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ትጎዘጉዝ ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች የከርከሮ ሚስት።

«ሣር ነዋ። ቢወድቁ እንዳይሰበሩ።»

አንዷ እናት አፏን ያዘች፣ አንዷ አማተበች። «በልጆቻችን ላይ ታሟርታለች» አለች ሦስተኛዋ። «አሰልጣኝ አትሆኚም ስለተባለች ነው፣ ምቀኛ።»

«ሣር መጎዝጎዝ ሟርት ከሆነ፣ ደመና አይቶ ቤት መክደንም ሟርት ነው» አለች ጦጣ።

ማን ይስማት። በዚያ ጫካ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ክፉ ነገር የሚመጣው ስሙን የሚጠራው ሲያገኝ ነው፣ ስሙ ካልተጠራ ደጅ አይረግጥም። አያቶቻቸውም ይህንኑ እያሉ ነው የሞቱት። ሣሩን እየረገጡ ከሜዳ አወጡት፤ ከዳኞቹ አንዷ በላችው።

ሚዳቋ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሣሩ በፊቷ ሲያልፍ አየች። አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች። የከርከሮ ሚስት ዞር ብላ አየቻት። ሚዳቋ አፏን ዘጋች።

ከበሮ ተመታ። ግልገሎቹ ተደራርበው ቆሙና ትርንጎን ወረወሯት። ወደ ላይ ሄደች። ላባዋ በፀሐይ አበራ፤ እንደታዘዘችውም ፈገግ ብላለች። ቋጥኝ ሊቀልባት ወደ ግራ ሄደ፣ የድኩላ ልጆች ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ማን እንደሚቀልባት የነገራቸው የለምና። ትርንጎ በመሐላቸው መጣች።

ቁራ ከሰማይ ሆኖ ጮኸ። «ክንፍሽን ዘርጊ!»

እግሯ ሲሰበር ድምፁ ፊተኛው ረድፍ ድረስ ተሰማ። ቦታው ውድ የሆነው እንግዲህ ሁሉን ነገር አጥርቶ ስለሚያሰማ ነው።

ጭፈራው አልቆመም። ቁራ ፈገግ በሉ አለ፣ የቀሩት ፈገግ አሉ። ዳኞቹ ለወደቀችው ነጥብ ቀነሱ፤ ወድቃም ቀሚሷ ስላልተበላሸ መልሰው ጨመሩላት። ሦስተኛ ወጡ። የተወዳደሩት ሦስት ቡድኖች ናቸው።

ሚዳቋ ልጇን ቁጥቋጦ ሥር አስተኝታ ወደ ጋሽ ኤሊ ሄደች። «ጋሼ፣ ልጄ እግሯ ተሰብሯል። እኔ ሣር ፍለጋ ስወጣ አጠገቧ የሚቆም አጣሁ። እድሩ ይድረስልኝ።»

«እግዜር ይማራት። ሞተች?»

«ኧረ አልሞተችም።»

ኤሊ አንገቱን አስገባ፣ ቆየና አወጣ። «እንግዲህ ምን ላድርግሽ የኔ እህት። የእድራችን ሕግ ለሞተ ነው። ብትሞት ድንኳኑ አለ፣ ንፍሮው አለ፣ አልቃሹም ሞልቷል። ለተሰበረ የሚል የለንም።»

«ከሞተችማ ማን ይርበዋል ጋሼ። አሁን ነው የቸገረኝ።»

«ገብቶኛል። አይበለውና የባሰ ነገር ከመጣ፣ ሳታፍሪ ቶሎ ንገሪን።»

በነጋታው ሸንጎ ተጠራ። ልጅ ከወደቀ ጥፋተኛ መገኘት አለበት። መጀመሪያ ቁራ ተነሣ። «እኔ ክንፍሽን ዘርጊ ብያታለሁ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያልዘረጋችው እሷ ናት።» ሸንጎው ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ አሰልጣኙ የሚለውን ብሏል።

«ጥፋቱ የሟርት ነው» አለች ሰጎን። «ሣሩ ባይመጣ መውደቅን ማን ያስታውሰው ነበር? ጦጣ ከጫካችን ትውጣ። ግን እኛ ፍርድ አናጓድልም፤ የልጅቷ እናት ትናገር።» ከዚያ ረጅም አንገቷን ወደ ሚዳቋ ጆሮ አወረደችና «ስለ ጥሻውም እንነጋገራለን» አለቻት በሹክሹክታ።

ሚዳቋ ቀና ብላ ጦጣን አየች። ነብር ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ አይታ የምትጮኸው፣ ጫካውን በሙሉ የምታስመልጠው ጦጣ ናት። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሚዳቋም ታውቃለች፤ ባሏ የተበላው ጦጣ በቆሎ ልትሰርቅ የሄደች ቀን ነው። ዝቅ ብላ ደግሞ ልጇን አየች። ትርንጎ በሦስት እግሯ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። መደበቂያ የላትም።

«አዎ» አለች ሚዳቋ። «ያሟረተችባት ጦጣ ናት።»

ጦጣ አልተቆጣችም። «የትርንጎ እናት» አለች፣ «ይህ ቃልሽ ጥሻሽን ካስመለሰልሽ እሰየው። ግን ሰጎንን የማውቃት እኔ ነኝ።» ብላ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች ሄደች።

ሸንጎው እንደተበተነ ሚዳቋ ስለ ጥሻው ጠየቀች።

«እናየዋለን» አለቻት ሰጎን።

ይህን ቃል ከባለ ሥልጣን አፍ የሰማ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ቁራ አሰልጣኞችን ያሠለጥናል። ሰጎን ከወንዙ ማዶ ባለው ጫካም ውድድር ከፍታለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው ግን ከሚዳቋ በወሰደችው ጥሻ ውስጥ ነው። የከርከሮ ሚስት ታናሹንም ልጇን አስመዘገበች። ቋጥኝ ትርንጎን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። የጥንቸል ልጅ ጫፍ ላይ ወጣች፤ እናቷ የጉድጓዱን ቀሪ ግማሽ ሰጠች። ኤሊ አሁንም የእድሩ ዳኛ ነው። ጦጣ ሌላ ጫካ ገባች፤ እዚያም ትሰርቃለች፣ እዚያም ነብር ሲመጣ ትጮኻለች። ሚዳቋ ሜዳ ላይ ታድራለች።

ትርንጎ ታነክሳለች። ነብሩ አያነክስም።