ሱሪ የለበሰው ሆድ ዕቃ

ስንት ዓይነት አፋር አለ መሰላችሁ! የሥዕል ሆድ ዕቃ አይቶ የሚያፍር ሰው ግን አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አሰላ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር አጋጥሞኛል፤ ያውም አለቃዬ ሆኖ።

በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የሰውን የውስጥ አካል ከአንጎል እስከ ፊኛ በዘይት ቀለም ሣልኩ። ርዕሰ መምህራችን መጡና አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ነገ የወላጆች ቀን ነው። ሰውዬውን ሱሪ አልብሰው።»

«ጋሼ፣ ቆዳ እንኳ የለውም እኮ!»

«ቆዳ ባይኖረውም ይሉኝታ ይኑረው።»

አለበስኩት፤ የተማሪ ሰማያዊ ሱሪ፣ ከነቀበቶው ከነኪሱ። ወላጆችም መርቀውኝ ሄዱ።

በፈተና ላይ «ፊኛ የት ይገኛል?» ብዬ ብጠይቅ የክፍሉ ግማሽ «ኪስ ውስጥ» ብሎ ጻፈልኝ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? ያሳየናቸው ኪስ ነው። ነገ ከእነሱ አንዱ ሐኪም ሆኖ የእኔን ፊኛ ኪሴ ውስጥ ቢፈልግስ?

ያንኑ ቀን ሱሪውን በቢላ ፋቅኩት። ርዕሰ መምህሩ በንዴት እየሮጡ ደረሱ።

«ከአሰላ አስነስቼ እዚያ ሩቅ ገጠር፣ ጎበሳ ነው የማስመድብህ!»

«ያስመድቡኝ ጋሼ» አልኳቸው፣ የቀለሙን ብናኝ ከእጄ እያራገፍኩ። «ጎበሳም ግድግዳ አለ።»