ጥቁሯን ሽመላ ያባረርን እኛ ነን

ወፍ ለማየት ብሎ ከፍራንክፈርት ድረስ በባቡር የሚሄድ ጤነኛ ሰው አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። እኔ የማውቃቸው ወፎች ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ ከሰው እጅ ዳቦ የሚነጥቁት እርግቦች ናቸው። እነሱን ለማየት ደግሞ ቴርሚን፣ ቀጠሮ የሚሉት ነገር፣ አያስፈልግም።

ነገሩ የመጣው በልጄ በሶስና ነው። የእጮኛዋ አባት ዲተር ሰሜን ጀርመን ሐይቅ ዳር የእንጨት ጎጆ አለው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እኔንና ባለቤቴን ዘነበችን ጋበዘን። ከቤተሰቡ ጋር ስንተዋወቅ የመጀመሪያችን መሆኑ ነው። ሶስና ዚንድሊንገን ሰፈር ቤታችን ድረስ መጥታ ለመነችን። "አባዬ፣ ቢተ፣ እባክህ፣ እዚያ ጋንስ ላይዘ፣ ጭጭ ነው! ማውራት የለም፣ መንቀሳቀስ የለም። እንዳታሳፍሩኝ!" ልጄን እንዲህ ፈርታ አይቻት አላውቅም። አንጀቴን በላችው። ቃል ገባሁላት።

ዲተር ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን በሹክሹክታ ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ከሠራት የጣውላ መደበቂያ አስገብቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደረን። በቀዳዳ እያየን ጥቁር ሽመላ እንጠብቃለን። ነጩ ሽመላ ሰው ጣራ ላይ ቤቱን ይሠራል፤ ጥቁሯ ግን ዓይን አፋር ናት አሉ። ዲተር እሷን ለማየት ዓመታት ጠብቋል። እኛ ዘንድ እንግዳ ጠርቶ ዝም ማለት ደግሞ ኩርፊያ ነው። ዘነበች "ምን አስቀየምነው?" በሚል ዓይን ደጋግማ አየችኝ። እኔም ምላሴን እየበላኝ ቻልኩት።

መጣች! ጥቁር ካባ የደረበች፣ እግሯም አፏም ቀይ። ዲተር ትንፋሹን ዋጠ። ሶስና በደስታ እጄን ጨበጠችኝ።

ይሄኔ በሩ ሲጥ አለና የዲተር አባት ምርኩዛቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ። ጭንቅላታቸው ጥጥ መስሏል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ቁጭ ብዬ ልያቸው? ይህን እኮ አባቴ ያስተማረኝ በአለንጋ ነው! እኔና ዘነበች እኩል ብድግ አልን። "ኖር!" አልናቸው በአንድ ድምፅ። አግዳሚው ወደ ኋላ ተገነደሰ። ሽመላዋ? በቃ፣ ሄደች። ዳክዬዎቹም ተከተሏት።

የዲተር ጆሮ ቀላ። ሶስና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

ሽማግሌው ግን ደርቀው ቀሩ። ለምን እንደተነሣን ጠየቁ። ሶስና እየተንተባተበች ለእርሳቸው ክብር መሆኑን አስረዳቻቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ትራም ውስጥ እንኳ የሚነሣልኝ የለም አሉ። ከዚያ ባቃናነው አግዳሚ ላይ መሀላችን ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ። ተመልሰው ገቡ። ተነሣን፤ ምን እናድርግ? ደግሞ ወጡ። ደግሞ ገቡ። ያን ቅዳሜና እሁድ እንደ እርሳቸው የወጣና የገባ የለም፤ ሐይቁ ላይም ድንቢጥ እንኳ ድርሽ አላለችም።

ስንሰናበት ሽማግሌው ሶስናን አቅፈው፣ ሰርጉ ቶሎ ይሁን፣ እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ይገኛል አሉ። ልጄ በእፎይታ አለቀሰች። ዲተርም እጄን ጨብጦ፣ በዚያው በሹክሹክታው፣ ድጋሚ ጋበዘን። በጥር እንድንመጣ። በጥር ወፎቹ በሙሉ ብርዱን ሸሽተው እናንተ አገር ናቸው አለኝ።