አምሳልና ደረሰ ለቁጥር የገቡበት የእድር ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ እንጅባራ፣ የላይ ቆሰበር መረዳጃ እድር ዕቃ ቤት
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡15 ተጀመረ

የተገኙ፦ አቶ አንዳርጋቸው (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ደጊቱ (ገንዘብ ያዥ)፣ አቶ ምንይችል (ንብረት ክፍል)፣ መምህር መሳፍንት (አባል)፣ ዮናዳብ (ጸሐፊ)
ያልተገኙ፦ አቶ አዝመራው ከሰል ሊጭኑ አዲስ ቅዳም ሄደዋል። የሌሎቹ ስልክ ኔትወርክ የለውም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንባችን ሰባት አባላት ካልተሟሉ ስብሰባ አይካሄድም። የተገኘነው አምስት ነን። ሰብሳቢው የአባልነት ጥያቄ ይዘው ደጅ የተቀመጡትን ወ/ሪት አምሳልንና አቶ ደረሰን "ለቁጥር ያህል ግቡ" ስላሏቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሁለቱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ጎልማሶች ሲሆኑ፣ ከአምና ጀምሮ በሠፈራችን አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ጠዋትና ማታ እየመጣች የምታግዛቸው ወ/ሪት ኢየሩስም አብራ ገብታለች፤ የዳንግላ ሰው ስለሆነች አልተቆጠረችም።

ሰብሳቢው "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ብለው ከፈቱ።

አጀንዳ 1፦ አምሳልና ደረሰ የእድሩ አባል ይሁኑ ወይ?

ሰብሳቢው "ለቅሶ መድረስ ምን እንደሆነ ይገባቸዋል?" ብለው ኢየሩስን ጠየቁ። አምሳል "እዚህ ነኝ እኮ፣ እኔን ይጠይቁኝ" አለች። ሰብሳቢው "ምን አለች?" ብለው ኢየሩስን ጠየቁ። ኢየሩስ "እኔን ይጠይቁኝ ነው ያለችው" በማለት አስረዳች።

ከዚህ በኋላ አምሳል "እኔ ሁሉም ሰው ቤት ለቅሶ እሄዳለሁ። ደረሰ አግዳሚ ይሸከማል። እኔ ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማን ነው?" አለች። አመልካቿ ጤነኛ ስለሆነች ጉዳዩ አያስቸኩልም ተባለ።

ወ/ሮ ደጊቱ አምሳል ባለፈው ለቅሶ ላይ ሟቹ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብለዋት እንደማያውቁ ለሐዘንተኛው ሁሉ መናገሯን አስታወሱ። ከረዥም ውይይት በኋላ ነገሩ እውነት ቢሆንም ቦታው አልነበረም በሚል ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ የቤቱ አባወራ ማን ይሁን?

እድሩ የሚመዘግበው አባወራ ወይም እማወራ ስለሆነ፣ አቶ ምንይችል ለአሠራር እንዲመች ሁለቱ ይጋቡ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ደጊቱ ደገፉ፤ ድግሱን በተመለከተ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ጠየቁ። ደረሰ "አምሳል ቴሌቪዥን አታስነካም" በማለት ተቃወመ። አምሳልም ሙሽራው እግሩን እንደማይታጠብ ገለጸች። ሐሳቡ ለጊዜው ተተወ።

ውሳኔ፦ ከረዥም ውይይት በኋላ አምሳልና ደረሰ "የክብር አባል" እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የክብር አባል መዋጮ አይከፍልም፤ አግዳሚ ይሸከማል፤ ድንኳን ግን አይተከልለትም። ሰብሳቢው ይህ ውሳኔ ለሌሎች እድሮች አርአያ እንደሚሆን ተናግረው ጭብጨባ ጠየቁ። ተጨበጨበ።

በጭብጨባው መካከል አምሳል ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። "አባል ካልሆንን እንሂድ" ብላ ደረሰን ጠራችው። ሰብሳቢው እስኪፈረም እንዲቀመጡ ለመኑ። መምህር መሳፍንት ደንቡን ገልጠው አነበቡና፣ ሁለቱ አባል ካልሆኑ ከመጀመሪያውም ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም፤ አባል ከሆኑ ደግሞ ያጨበጨብነው በከንቱ ነው አሉ። ሰብሳቢው መምህሩን ነገረ ሠሪ ነዎት አሏቸው። መምህሩ የመለሱት እንዳይመዘገብ ተወሰነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ሳይቀር፣ ተሽሯል። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ ይታያል። ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጎድል ወ/ሪት አምሳልና አቶ ደረሰ በሰዓቱ እንዲገኙ በጥብቅ ተነግሯቸዋል።

አምሳል "እስከዚያ ብሞትስ?" ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው ስብሰባው እንዳልተካሄደ ስለሚቆጠር ጥያቄው እንዳይጻፍ አዘዙ። እኔ ግን አፍሬ ጽፌዋለሁ።

ስብሰባው 6፡40 ላይ ተበተነ። የተቀመጥንበትን አግዳሚ ደረሰ ተሸክሞ ወደ ቦታው መለሰ።

ጸሐፊ፦ ዮናዳብ