ጋሽ ሰብስቤ ውሃውን ሲያካፍሉ

የተማረ ስደተኛ ባለበት ግቢ ሁሉ፣ አንድ ነገር ሲጠይቁት አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ሆሽ በሚሉት የጋራ ግቢ ውስጥ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ሰብስቤ ነበሩ። በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩት የነበረው፣ ሰው ያለውን ነገር ለዛሬና ለነገ እንዴት እንደሚያብቃቃ በሒሳብ የሚቀምረውን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው። በፖለቲካ ምክንያት ሸሽተው ካርቱም ከገቡ ወዲህ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥረው የሰው ወረቀት ያባዛሉ። ትምህርቱ ግን አለቀቃቸውም።

ጎረቤታቸው ገሊላ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ቪላ ስታጸዳ ውላ ደክሟት ትመጣና ስኳር ፍለጋ በራቸውን ታንኳኳለች። "ቆይ ልጄ፣ ከመጨረሻው እንጀምር" ይላሉ። "የወሩ የመጨረሻ ማንኪያ የምታልቀው መቼ ነው? ከዚያ ወደ ኋላ እንምጣ።" እሳቸው ወደ ኋላ እስኪመጡ ሻዩ ይበርዳል። ሁለተኛ ማንኪያ ስትጨምር ካዩማ፣ "የነገዋ ገሊላም ሰው ናት!" ብለው ይቆጧታል። አንድ ቀን ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ መጠበቅ ይሻላት እንደሆነ ወይስ በእግሯ መሄድ፣ መንገድ ዳር አቁመው ሲያሰሉላት ሦስት ባዶ ረክሻ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ስትሰማ በጓሮ በር መሹለክ ለመደች።

ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር የገሊላ አሠሪዎች ቪላውን ቆልፈው ሄዱ። መብራት ጠፋ፤ ቧንቧው ደረቀ። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመጣው ሙባረክም በተኩሱ የተነሳ ቀረ። ሆሹ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ውሃው ደግሞ አንድ በርሚልና አራት ጀርካን።

ጋሽ ሰብስቤ ጠመኔ አንስተው ግድግዳው ፊት ቆሙ። በዚህ ጊዜ ግን ከመጨረሻው መጀመር አልቻሉም። "ሙባረክ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም" አሉ። "ስለዚህ ዛሬ ካለን ከአሥር አንዱን እንጠጣለን። ነገ ከቀረው ከአሥር አንዱን። ድርሻችን በየቀኑ ያንሳል እንጂ አያልቅም።"

በአራተኛው ቀን ጠዋት ገሊላ አንዱን ጀርካን ከፀሐይ ላሽሽ ብላ ስታነሳው ከእጇ አመለጠ። ክዳኑ ላልቶ ነበር። ሃያ ሊትሩን አሸዋው ወዲያው ጠጣው። የዚያን ቀን የሁሉም ድርሻ ያው ሃያ ሊትር ነበር።

"ያ ረብ!" ብላ ጮኸች እዚያው ሆሽ የምትኖረው ሻይ ሻጯ ሉጥፊያ። የልጅ ልጇን ትኩሳት ይዞት ነበር። "ያፈሰሰችው የራሷን ነው! ዛሬ አትጠጣም!"

ማንም አልተቃወመም። ገሊላም ራሷ አልተቃወመችም፤ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበርክካ ቀረች።

ጋሽ ሰብስቤ ከክፍላቸው ወጡ። ግድግዳው ላይ የጻፉትን በሙሉ በመዳፋቸው አጠፉት። "ትናንት ስንት ነበረን የሚለው ቀመሩ ውስጥ አይገባም" አሉ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በዓረብኛ። "የሚገባው አሁን ስንት አለን ነው። ያላ፣ ከዚህ እንነሳ። ከአሥር አንዱ፣ ለዘጠኝ።"

"ለስምንት!" አለች ሉጥፊያ።

"ለዘጠኝ።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። የመጀመሪያዋን ኩባያ ለታመመው ሕፃን፣ ሁለተኛዋን ለገሊላ ቀዱ። ገሊላ በሁለት እጇ ተቀብላ እያለቀሰች ጠጣች። ሉጥፊያ ቆማ አየቻት፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጀርካን አነሳችና አራገፈችው።

በአሥረኛው ቀን የሙባረክ አህያ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል ሆሹ በእልልታ ተናጋ። ዘጠኙም በሕይወት ነበሩ። ገሊላ የመጀመሪያውን ኩባያ ይዛ የሄደችው ወደ ጋሽ ሰብስቤ ነው። ባንድ ትንፋሽ ጨለጡትና ኩባያውን መልሰው ዘረጉላት።

"ጋሼ" አለች እየቀዳች፣ "ያን ቀን ለስምንት ብለው ቢሆን ኖሮ..."

"ስሌቱ ይበላሽ ነበር" አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ለስምንት ሲካፈል ለእያንዳንዱ እንደሚበዛለት ገሊላም ታውቃለች፤ ይህን ያህል ሒሳብ አይጠፋትም። ኩባያውን እስኪፈስ ድረስ ሞላችላቸውና፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጠች።